የቡና ማድረቂያው ላይ የተወለደችው

ዛሬ ረፋድ ላይ ቴፒ አቅራቢያ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ልጅ አዋለድኩ። እስካሁን ሳቄ አልቆመም።

ግጭት ሸሽተው የመጡ ሰዎች ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ተጠልለዋል። እኛ የጤና ባለሙያዎችም እዚያው ድንኳን ተክለን እናክማለን። ምጥ የያዛትን ብርቱካንን በቃሬዛ ሲያመጧት ድንኳኑ በበሽተኛ ሞልቷል። ባዶ የነበረው የቡናው አልጋ ብቻ ነው።

በረኪና በጥብጬ ላጸዳው ስል የጣቢያው ጥበቃ፣ የጅማው ጋሽ ሁሴን፣ ፊቴ ቆሙ።

“ልጄ፣ እዚህ በረኪና አይነካም። ቡና ሽታ ይስባል።”

(ሽቶ የተቀባ ሰው አልጋው አጠገብ አያስደርሱም። እኔንም በሎሽኔ ምክንያት የሚያናግሩኝ ከሩቅ ሆነው ነው።)

“ጋሼ፣ ቡና የለበትም እኮ።”

“ወቅቱ ሲደርስ ይመጣል።”

ይሄኔ ብርቱካን ጮኸች። ጋሽ ሁሴን ደነገጡ። በረኪናውን ከእጄ ቀምተው አልጋውን ራሳቸው ፈትገው አጠቡት።

ሸራ አነጠፍን፤ ሴቶቹ በነጠላ ከለሉን። ሴት ልጅ ናት። ወዲያው አለቀሰች፤ እናቷም ደህና ነች።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ሁሴን የቡናውን መሸፈኛ ይዘው መጡና ከእናትና ልጅ በላይ በእንጨት ወጠሩት።

“ምነው ጋሼ?”

“ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐዩ በረታ። ቡናውንም በዚህ ሰዓት እንሸፍነዋለን፤ ለቡና የሚደረገው ለሰው ይቀራል?”

እናንተስ ልጅ ሲወለድ ያያችሁት የማይታመን ቦታ የት ነው? ጻፉልኝ፤ ለጋሽ ሁሴን አነብላቸዋለሁ። ከሩቅ ሆኜ።