ያላመመው እግር

ሾዴ በሽሮ ሜዳ ያደገ ሸማኔ ነው። ሥራው ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ነው፤ እጁ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ እግሩ ታች ሆኖ የመርገጫውን ገመድ በአውራ ጣቱና ቀጥሎ ባለው ጣት መካከል ቆንጥጦ ይረግጣል። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ክኒኑን ሳያቋርጥ ይውጥ ነበር። ዘንድሮ ገመዱ የጣቶቹን መካከል ላጠውና ቁስል ሆነ። ቁስሉ በመጀመሪያ አመመው፤ በኋላ ማመሙን ተወ።

የረቡዕ የጸሎት ኅብረታቸውን የሚመራው ጢሞቴዎስ መነጽር የሚያደርግ ሞባይል ጠጋኝ ነው። አንድ ረቡዕ ተንበርክኮ የሾዴን እግር በሁለት እጁ ይዞ ጸለየለት። ከጸለየም በኋላ ቁስሉን በአውራ ጣቱ ጫን አለው።

«ያምሃል?»

ሾዴ ራሱ ገረመው። «አያመኝም።»

«አያምህም! እልል በሉ እንጂ! ወንድም ሾዴ፣ ተነሥና ዝለል!»

ሾዴ ዘለለ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ደግሞ ዘለለ። ሚስቱ መሠረት ግን የካልሲው ጫፍ እየቀላ ሲሄድ አየች።

«ደም ነው እኮ፤ አስቀምጡት!»

«እህት መሠረት፣ ዓይንሽን ሳይሆን ቃሉን እመኚ» አላት ጢሞቴዎስ።

«ክኒኑንስ?» ሲል ሾዴ ጠየቀ።

«የተፈወሰ ሰው ምን ያደርግለታል? ጌታን እየተጠራጠርከው ነው?»

ሾዴ ቤቱ እንደገባ ክኒኑን ሽንት ቤት ጨመረው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን በእግዚአብሔር የታመነ አልመሰለውም። መሠረት «ሐኪም ይየው» ባለች ቁጥር ይቆጣታል፤ «ፈውሴን የምታስወስጂብኝ አንቺ ነሽ» እያለ።

ሽታው መጀመሪያ የደረሰው አጠገቡ ለሚሸምነው ለሐብታሙ ነበር። «ሾዴ፣ ጉድጓድህ ውስጥ አይጥ ሞታ ነው? ወይስ ለእራት ቆጥበህ እያሳደርካት ነው?» ሸማኔዎቹ ሁሉ ሳቁ። ጣቱ ጠቁሮ ነበር፤ ሾዴ ግን ቁስሉ እየደረቀ ነው አለ። ከዚያ ሳምንት ሳያልፍ ትኩሳት ጣለው፤ ተሸክመው ታክሲ ላይ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱት።

ሐኪሟ የውስጥ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«ይሄ ይሰማዎታል?»

«አይሰማኝም።»

«እዚህስ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ምንም!»

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ስኳሩ ነርቭዎን ገድሎታል። ቢያምዎት ኖሮ ቀድመው ይመጡ ነበር። አለማመሙ ነው በሽታው። ከጉልበት በታች ዛሬ ካልተቆረጠ ነገ ሕይወትዎን ያጣሉ።»

ጢሞቴዎስ ወሬውን ሰምቶ ከሰዓት በኋላ መጣ። «እንዳትፈቅድ! ጌታ የጀመረውን ይፈጽማል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዘለህ አሁን ብትቆረጥ ለስሙ ውርደት ነው።»

«ለማን ስም?» አለች መሠረት።

ጢሞቴዎስ ወደ እሷ ዞረ። «ጥርጣሬ ባለበት ቤት ፈውስ አይጸናም፤ ያልኩት ይኸው ደረሰ።»

«አንተ ያንን መነጽር መቼ ነው የምታወልቀው?»

ሾዴ የመነጽሩን መስታወት አየ፤ ወፍራም ነው። ከዚያ ሚስቱን አየ። ጢሞቴዎስ የነገራትን እሱም ሲነግራት ነበር የከረመው፤ ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ይቆረጥ» አለ።

«እንግዲህ በራስህ ፈርደሃል» አለ ጢሞቴዎስ። ሳይጸልይ ወጣ።

በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ሲወስዱት ሾዴ ሊጸልይ ሞከረ። ኅብረቱ ያስተማረው ጸሎት ሁሉ ማዘዝና ማወጅ ነበር፤ አሁን የሚያዘው ነገር አጣ። «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ» አለ። «ብታድነኝም ባታድነኝም ከአንተ ሌላ የምጠጋበት የለኝም።» መልስ ጠበቀ። ሙቀትም፣ ድምፅም፣ እንባም አልመጣለትም። የጣሪያው መብራት እያለፈ ሄደ። የተናገረውን ግን አላጠፈም።

አሁን በቀረው አንድ እግሩ መርገጥ ስለማይችል ለሌሎቹ ክር ያጠነጥናል፤ ሸማኔዎቹ የሴት ሥራ ይሉታል። ክኒኑን ሰው ፊት ይውጣል። እሑድ እሑድ በክራንች ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ጢሞቴዎስ ከሩቅ እጁን ያነሣለታል፣ አጠገቡ አይመጣም።

አንድ ጠዋት ሾዴ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ሐብታሙ ጠብቆ ያዘው።

«ስማ እንጂ፣ እግርህን ወስዶብህም ታመሰግነዋለህ?»

«እሱ አልወሰደውም» አለ ሾዴ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። እሱ ሳይጠይቀኝ።»

ሐብታሙ እስኪያስለው ሳቀ፤ ወዲያ ጥግ ላሉትም ጮክ ብሎ ደገመላቸው። እነሱም ሳቁ። ሾዴ የክሩን ጫፍ ፈልጎ አገኘና ማጠንጠኑን ቀጠለ።