ሚስ ሎርናና የኮሚቴያችን የመጨረሻ ስብሰባ

ሚስ ሎርና ስታድለር ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። እኔም ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተመላለስኩት በእሳቸው አውቶቡስ ነው፤ ዛሬም “ሎርና” ብዬ ልጠራቸው ስሞክር አፌ እሺ አይለኝም። ጡረታ ወጥተው ቤት መቀመጥ ሲያቅታቸው የከተማችን የእግረኞች ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ደመወዝ የለውም። ያለው የስም ሰሌዳና የደረቀ ብስኩት ነው።

አምና እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። “ቴሳ፣ ልጅሽ ሚል መንገድን የምትሻገረው በጸሎት ነው። ነይና እጅሽን አውጪ” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ዜብራ ቀለሙ ለቋል፤ ከድልድዩ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ልጅ መኖሩን የሚያዩት አጠገቡ ሲደርሱ ነው። ሰው ሲሻገር ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እዚያ እንዲተከል ለምክር ቤቱ የውሳኔ ሐሳብ ለማቅረብ ኮሚቴው ሁለት ዓመት ለፍቷል። ሚስ ሎርና ጠዋት ጠዋት ቆመው የሚሻገሩትን ልጆች ቆጥረዋል። የቀረው ድምፅ መስጠት ብቻ ነበር።

ይሄኔ ከተማው ኮሚቴዎቹን እንደ አዲስ ላደራጅ ብሎ ተነሣ። ሃያ ሁለቱ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴዎች ስድስት ይሆናሉ ተባለ። የእኛው ከዛፍ፣ ከውሻ መናፈሻና ከአደባባይ ሙዚቃ ኮሚቴዎች ጋር ተጨፍልቆ “የኑሮ ምቹነት ኮሚሽን” ሊሆን ነው። ያላለቀ ጉዳይ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ማደራጀቱን እንኳ አልጠላሁትም፤ ሦስት ኮሚቴዎች ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር ሲነታረኩ አይቻለሁ። ግን ሌላ ሁለት ዓመት? ልጄ እኮ በየቀኑ ትሻገራለች።

ኮሚቴው በወረቀት ሰባት ሰው ነው። ሁለቱ ወንበሮች ላይ ከተማው ሰው ሳይሾም ዓመት አልፏል። አንዷ አባል ዳሌዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ተኝታለች። የቀረነው አራት፣ ምልዓተ ጉባኤውም አራት። መጋቢት ላይ ዓይኑ የደከመው ሽማግሌው ኦርዴል የሚያመጣው አጥቶ ቀረ፤ ስብሰባው ተሰረዘ። ሚያዝያ ላይ ልጄን አተኮሳት፤ ተሰረዘ። በግንቦት የመጨረሻው ስብሰባ ረቡዕ ሆነ። ኮሚቴው የሚፈርሰው በማግስቱ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

ሚስ ሎርና በዕድል አላመኑም። በቫናቸው መጀመሪያ ኦርዴልን፣ ቀጥሎ መኪናዋ የተበላሸባትን የአበባ ሻጯን ዳርላን፣ በመጨረሻ እኔን ለቃቀሙን። የእኛን መኪና ባሌ ለሥራ ይዞት ይሄዳል። የማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ስንወርድ የከተማው ጸሐፊ ብሬንዳን ደረጃው ላይ ቆሞ ያየናል።

“ሚስ ሎርና፣ አራታችሁም በአንድ መኪና ነው የመጣችሁት?”

“አዝዬ ላምጣቸው ኖሯል?”

“አራት ሰው እኮ ምልዓተ ጉባኤ ነው። ለሕዝብ ሳይነገር አንድ ላይ ሆናችሁ ስለ ጉዳዩ ማውራት አትችሉም።”

“ያወራነው ስለ ኦርዴል ጉልበት ነው።”

“ኧረ ስለ መብራቱም አውርተናል” አለ ኦርዴል፤ መዋሸት አያውቅበትም። “እኔ እንደውም ይተከል ብያለሁ። ዳርላም ብላለች።”

ዳርላ ዓይኗን ጨፈነች። ሚስ ሎርና ወደ ኦርዴል ዞሩ።

“አንተ ሰውዬ፣ ምነው ዓይንህ ደክሞ አፍህ ባይደክም።”

ብሬንዳን ፊቱ ቀላ። “ዛሬ ድምፅ ብትሰጡና አንድ ሰው ቢከስ ይሻራል። አዝናለሁ።”

“ይሄ ልጅ” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ እሱ እየሰማ፣ “ሁለተኛ ክፍል እያለ አውቶቡሴ ውስጥ አስመልሶታል። ያጸዳሁት እኔ ነኝ።” ከዚያ ወደ እሱ ተመለሱ። “አስቸኳይ ስብሰባ ስንት ሰዓት ማስታወቂያ ይፈልጋል?”

“ሃያ አራት።”

ሰዓታቸውን አዩ። “አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ነገ አሥራ አንድ ተኩል። ጻፍና በሩ ላይ ለጥፍ፤ እዚሁ ቆሜ አያለሁ።”

ያን ቀን ከእኛ መካከል ያልተናደደ አልነበረም። ወደ ቤት እንኳ አብረን መሄድ አልቻልንም፤ ሚስ ሎርና አንድ በአንድ ሊያደርሱን ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በነጋታው እንደገና ሦስት ጊዜ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ፤ ልጄንም ይዤ መጣሁ። መንገድ ላይ ስለ ምንም አላወራንም። ስለ አየሩ ልጀምር ስል “ዝም በይ ማሬ፣ ብሬንዳን ይሰማሻል” አሉኝ።

ስብሰባው ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከእኛ ሌላ በአዳራሹ የነበሩት ብሬንዳንና እግሯን የምታወዛውዘው ልጄ ብቻ ናቸው። አራት ድጋፍ፣ ዜሮ ተቃውሞ። ብሬንዳን ወረቀቱ ላይ ማኅተም አሳረፈና “የሚቀጥለው ወር የምክር ቤቱ አጀንዳ ላይ ይገባል” አለ።

“ከዜሮ አይጀምርም?” አሉት ሚስ ሎርና።

“አይጀምርም፤ የውሳኔ ሐሳብ ሆኗል። እነሱ አይሆንም ካሉ ግን፣ አይሆንም ብለው በስማቸው እጅ ማውጣት አለባቸው።”

“በእሱ እንተያያለን። እኔም ፊት ወንበር ላይ ነኝ።”

ሚስ ሎርና ተነሥተው፣ አውቶቡስ ሲነዱ ልጅ ተኝቶ እንዳይቀር ያደርጉት እንደነበረው፣ በወንበሮቹ መካከል እስከ ኋላ ሄደው እየጎነበሱ አዩ። የልጄን ኮፍያ አገኙ። ከዚያ የስም ሰሌዳቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

“አሁንስ በአንድ መኪና እንሂድ?” አለ ኦርዴል።

ብሬንዳን ጉሮሮውን ጠረገ። “ኮሚቴው እኮ እስከ እኩለ ሌሊት...”

“ገብቶኛል” አሉ ሚስ ሎርና። “ኦርዴልን አንተ ታደርሰዋለህ። ዳርላንም። እኔ እናትና ልጅ አሉብኝ።”

ብሬንዳን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።