ሣሩን የበላው ማን ነው?

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ተዳፋት ላይ የአንድ ጎጆ ስፋት ያህል መሬት በእሾህ አጠሩና «ከእንግዲህ እዚህ ውስጥ ሰውም ከብትም እንዳይገባ!» ብለው አወጁ። ወሩ መስከረም ነው፣ ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ። በሰቆጣ ዙሪያ ያለው ኮረብታ ያኔ በፍየል ጥርስ ተላጭቶ ነበር። የቲቸር ሐሳብ ቀላል ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ የታጠረውንና ያልታጠረውን አስተያይተን መሬት ሲያርፍ ምን እንደሚሆን በዓይናችን ልናይ ነው። ከጎንደር በኩል የመጡ ወንደላጤ ነበሩ፤ በዚያች አጥር ይኮሩባት የነበረውን ኩራት አባት በልጁ ሰርግ ላይ አይኮራውም።

የምግብ ሰንሰለትን ያስተማሩንም እዚያው አጥር ሥር አቁመውን ነው። ሣሩን ፍየል ይበላዋል፣ ፍየሉን ሰው ይበላዋል። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር እጄን አወጣሁና «ቲቸር፣ በጾምስ ሰው ከሰንሰለቱ ይወጣል?» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ አወኩ። እሳቸውም ሳቁና «ለሃምሳ አምስት ቀን ብቻ! ከዚያ በኋላ ያለውን ፍየሉን ጠይቂው» አሉኝ።

የምጠይቀው ፍየል ነበረኝ። እናቱ ስትሞትበት ወተት በጨርቅ እያጠባሁ ያሳደግኩት ወጠጤ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ይቀበለኝ ነበር። ያን ዓመት መኖ ጠፋ። አባቴ የወጠጤውን ጎድን በጣቱ እየቆጠረ «ይሄ ሳይሞትብን ገበያ ይውረድ፤ ካልወፈረ ከሁለት ሳምንት በላይ አላቆየውም» አለ።

እናቴ በግቢያችን ካለው ትልቅ ግራር ላይ ፍሬውን በረዥም ቆልማማ እንጨት እያራገፈች ትሰጠው ጀመር። በሰፈሩ ሌላ ግራር ስላልነበረ የግራር ፍሬ የሚበላ ፍየል የእኛው ብቻ ነበር። ግን ፍሬ ብቻውን ሆድ አይሞላም። ጉልበት የሚደርስ ሣር የት እንዳለ ደግሞ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ትምህርት ቤት መድረስ ያዝኩ። እናቴ «ልጄን ትምህርት ገባት» እያለች ለጎረቤት አወራች። አንዱን እሾህ ፈቀቅ አደርጋለሁ፣ ተከትሎኝ የመጣው ወጠጤ ገብቶ ይግጣል፣ ደወል ሳይደወል አስወጣዋለሁ። ቤታችን ከተዳፋቱ ሥር ስለነበር ራሱ ይመለሳል። የሚጥለውን በጠጥም ማንም እንዳያየው በእግሬ አፈር አለብሰዋለሁ።

ሣሩ ከአንድ ጥግ እየሳሳ ሲሄድ ቲቸር ግራ ገባቸው፤ እኛንም ጠየቁን። እኔ ጥንቸል ነው አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ምስጥ ነው አልኩ። በሦስተኛው፣ ከገደል ገደል የሚዘለው ሰስ ሊሆን ይችላል ስል ፊታቸው በራ። «አያችሁ! መሬት ሲያርፍ የዱር እንስሳ ይመለሳል!» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነክሼ ነበር።

ወጠጤው ወፈረ። ጎኑ ሞላ፣ ጸጉሩ አብረቀረቀ፣ ገበያ መውረዱም ቀረ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አባቴ እንደገና ዳሰሰውና «እሰይ! ለፋሲካ ደርሷል» አለ። አድነዋለሁ ብዬ ለካ ለቢላዋ አድልቤዋለሁ! አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ፣ ከሥጋው ላልቀምስ ማልኩ። እናቴ በኽምጠኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ስትበሳጭ አማርኛው አይበቃትም። ወደ አማርኛ ስትመለስ «ፍየልና ወንድም መለየት አቃተሽ?» አለችኝ።

የፋሲካ ዕለት አባቴ «እንግዳ ሰው ብቻውን አይፈስክም» ብሎ ቲቸርን ጠራቸው። ቲቸር ጎድኑን እየጋጡ «በዚህ ድርቅ ይህ ፍየል ምን ቢበላ ነው እንዲህ የሰባው?» አሉ።

«የግራር ፍሬ ነው፣ መምህር። ይብሉ፣ ይብሉ እንጂ!» አለ አባቴ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ከፊታቸው ተቀምጫለሁ። ሽታው መጣ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሆድ መሐላ አያውቅም፤ ሁለቴ አስጨምሬ በላሁ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ቲቸር አጥሩ ዘንድ ሰበሰቡን። ሣሩ በተጋጠበት ጥግ፣ በጠጡን በቀበርኩበት አፈር ላይ፣ ከጣት የማይበልጡ የግራር ችግኞች በቅለዋል። ቲቸር ጎንበስ ብለው ችግኞቹን አዩ። ቀና ብለው ከታች በግቢያችን ብቻዋን የቆመችውን ግራር አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ «በአካባቢያችሁ ያያችሁትን አንድ የምግብ ሰንሰለት ጻፉ» የሚል ጥያቄ መጣ። እስክሪብቶዬን ብዙ አኘክሁ። መናዘዙ ካልቀረ ብዬ «ሣር፣ ወጠጤ፣ ቲቸር» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶኛል። ከ«ቲቸር» ቀጥሎ ግን በቀይ እስክሪብቶ ተጨምሮበታል፦ «አንቺም አለሽበት»።