ያልተረገዘ እንዴት ይወርዳል?

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚኒባስ ስመለስ ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ሾፌሩ መንገድ ላይ ወቀን ከተማ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም አንደኛዋ ለጓደኛዋ፣ "ተይው ባክሽ፣ የሦስት ቀኑ ክኒን ማለት ማስወረጃ ነው። ያው ነው" ስትል ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ፣ "ያው አይደለም፣ እህቴ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ" አልኳቸው። የማያውቋት ሴትዮ ጆሮዋን ጥላባቸው መገኘቷ ደስ አላላቸውም። ዳባት ስንደርስ ቀድመውኝ ወረዱ። አልፈርድባቸውም። እኔም በዚያ ዕድሜ ምክር ሰጪ እንጂ ምክር ሰሚ አልነበርኩም።

ደባርቅ አሥረኛ ክፍል ስማር ከስንዱ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም የጃናሞራ ልጆች ነን። የገጠር ልጅ ትምህርት የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ እሷ ሃያ ዓመቷ፣ እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ። ስንቃችን በወር አንዴ በገበያተኛ በቅሎ ተጭኖ ይመጣል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ትንሽ ሽሮ። የደባርቅ ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ ድርቆሹ ወር ሳይሞላው ይሻግታል። ስንዱ ሻጋታውን በቢላ እየፋቀች ትበላው ነበር። እኔ ግን መራብን እመርጥ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጸየፈው ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ የምጸየፈው አከራያችንን እትዬ ትጓደድን ነበር። አረቄ ያወጣሉ። ግቢው ጠዋት ማታ ድፍድፍና አተላ ይሸታል፤ እሳቸውም የተጠጉት ሁሉ ያንኑ ይሸታል። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ። በአጠገባቸው ሳልፍ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደርጋለሁ፤ ከግቢው ስወጣ ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ እቃኛለሁ። በተጸየፍኩ ቁጥር የምጸድቅ ይመስለኝ ነበር።

ስንዱ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ቀያሽ ወደደች። ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ አንድ ማለዳ እያለቀሰች ሄዳ ጉዷን ለእትዬ ትጓደድ ነገረቻቸው። ለእኔ ሳይሆን ለሳቸው መንገሯ ራሱ አበገነኝ። እትዬ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሁለት ፍሬ ክኒን ይዘው ተመለሱ።

"አሁኑኑ ዋጪው፣ ልጄ። ውሎ ሲያድር ይደክማል" አሏትና ጠጪ ጠርቷቸው ወጡ።

ስንዱ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። "ኃጢአት ይሆን እንዴ?"

"ነፍስ ማጥፋት ነዋ! ማስወረጃ ነው። ያውም በጾሙ!"

"ትናንት ማታ እኮ ነው። ገና ምኑም…"

"ያው ነው! ደግሞ ከዚያ አረቄ ከዘፈዘፈው እጅ ምን በጎ ነገር ይወጣል?" አልኩና አፍንጫዬን ያዝኩ። በእውነት ያዝኩ፣ እንደ ሕፃን፣ በሁለት ጣቴ። ክኒኑን ከመዳፏ ላይ አንሥቼ ሽንት ቤት ጣልኩት። ስንዱ አልተከላከለችኝም፤ የማውቅ ይመስላት ነበር። ስመለስ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ያንን ደስታ ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ፋሲካ አለፈ። የቀያሹ ሥራ ወደ ሌላ አገር ዞረና ሰውዬው "ደህና ሁኚ" እንኳ ሳይል ሄደ። ስንዱ ሽሮ በሸተታት ቁጥር ወደ ውጭ መሮጥ ጀመረች። ብሔራዊ ፈተና ሊደርስ ወር ከምናምን ቀርቶታል። እሷ ደግሞ ከዘመዶቿ ሁሉ አሥረኛ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያዋ ናት፤ አባቷ በሬ ሸጠው ነው የሚያስተምሯት።

ያኔ እኔ፣ ያቺ ነፍስ ማጥፋት ነው ያልኩት፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ቃሉን ላወጣው አልቻልኩም። "ያንን ክኒን" አልኩ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ለማን ነው፣ መቼ ነው፣ ምን ሆና ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ፈገግ አለና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አይቶ የማያውቀውን ገላ ያየ ዓይነት ፈገግታ ነበር፤ ቤት ገብቼ ፊቴን በሳሙና ታጠብኩ።

ስንዱ ዋጠችው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ?" እላታለሁ፤ "ምንም" ትለኛለች። እንዲህ ስንል ሦስት ሳምንት ሄደ።

አንድ ቀን እትዬ ትጓደድ ደጅ ሲጠርጉ የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ አግኝተው ጠሩኝ። "ይኸን ማን ዋጠው?" አሉ። ስንዱ ትምህርት ቤት ነበረች። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የመጀመሪያውን መጣሌንም ጭምር።

"አበስኩ ገበርኩ!" አሉ እያማተቡ። "ያኔ ስሰጣት ማስወረጃ ነው ብለሽ ጣልሽ፤ አሁን ደግሞ ማስወረጃ ነው ብለሽ ገዛሽ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!"

"ክኒኑ ያው አይደለም እንዴ፣ እትዬ?"

"ክኒኑማ ያው ያኔ የሰጠኋት ነው። እንዳይረገዝ ነው እንጂ የተረገዘ አያወርድም። ማስወረጃው ሌላ ነው። ለረገዘች ነው፣ ሐኪም አይቶ የሚሰጠው። ነርሷ አሥሬ ነግራኛለች። እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ፤ ያልተረገዘ እንዴት ይወርዳል?"

ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው። የሦስት ቀኑ ክኒን፣ ከግንኙነት በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የሚዋጠው፣ የሴቷ እንቁላል ቶሎ እንዳይለቀቅ ያዘገያል፤ ስለዚህ ቶሎ በተዋጠ መጠን ይሻላል። እርግዝና ካለ ደግሞ ምንም አያደርገውም። ያለውን እርግዝና የሚያቋርጠው ስሙም ሥራውም የተለየ ሌላ መድኃኒት ነው። አንዲት ፊደል ያልቆጠረች አረቄ አውጪ ይህን ታውቅ ነበር። እኔ የምጸየፈውን ሰው አልሰማም ብዬ ሳላውቅ ቀረሁ።

በማግስቱ ስንዱን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ብቻዋን ገባች። ብዙ ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ደርቋል።

"ምን አለችሽ?"

"ብዙ ነገር። ሌላ መድኃኒትም አለ፣ ለማን እንደሚሰጥ ታይቶ ነው አለች።" ነጠላዋን አጣፋች። "እኔ ግን ከእንግዲህ የማንንም ክኒን አልውጥም። አገሬ እገባለሁ።"

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከገበያተኞች ጋር ተነሣች። ደብተሮቿን ለእኔ ተወችልኝ፤ በነሱም አጥንቼ አለፍኩ። ከዚያ መምህር ሆኜ ዳባት ተመደብኩ። ስንዱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ኋላም ባል አግብታ ደባርቅ ዙሪያ ኖረች። ልጁን እንደ ልጄ እወደዋለሁ፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የእኔን ሥራ አያጥበውም። የጣልኩት ክኒን ማስወረጃ እንዳልነበር ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ የተመለሰበት ጊዜ ቁጥር የለውም።

ከሚኒባሱ ጨዋታ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትናንት፣ ደባርቅ ቅዳሜ ገበያ፣ ስንዱ ነጭ ሽንኩርት ከምትሸጥበት ሄድኩ። ሰው ጋብ እስኪል ጠብቄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"ስንዱ፣ ያኔ ሽንት ቤት የጣልኩት ክኒን ማስወረጃ አልነበረም" አልኳት።

እጇ ከሽንኩርቱ ላይ አልተነሣም። "አውቃለሁ" አለች። "ጤና ጣቢያ የሄድን ዕለት ነርሷ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አንድ ቀን አትናገሪኝም?"

"ምን ብዬ? እትዬ ትጓደድን አፍንጫሽን ይዘሽ ስታያቸው አይቻለሁ። በእኔም እንዳታደርጊው ፈርቼ ነዋ። ከዚያ ወዲያ የቀረሽኝ ጓደኛ አንቺው ብቻ ነበርሽ።"

ገዢ መጣና ወደ ሚዛኗ ዞረች። የበደልኩት እኔ፣ ስትፈራኝ የኖረችው እሷ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተጸይፌአለሁ፤ እንደ ራሴ ያስጠላኝ ግን የለም።