ጉልበት የሚስመው ማን ነው

ቁጡ ነኝ። እናቴ «ምላስሽ ከእግርሽ ይቀድማል» ትለኝ ነበር፤ ካምፓላ ከመጣሁ በኋላም አልተሻለኝም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ኋላ ላይ ሰዎች ነገሩን ሁሉ በቁጣዬ ስላሳበቡ ነው። ያን ቀን ግን አልተቆጣሁም ነበር።

ጊዜው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የከረሙበት ነው። ኮሎሎ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለዓመታት አስተምሬ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ቁልቁል ወደ ካምዎክያ ሰፈር ወረድኩ። እዚያ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ የአገራችን ሰው የጓሮ ክፍላቸውን ለቀቁልን። የፕላስቲክ ወንበሮች ደረደርንና ከሰዓት በኋላ የሐበሻ ልጆችን አማርኛ ማስተማር ጀመርኩ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጣላሉ፣ በሉጋንዳ ይታረቃሉ፣ አማርኛ ትዝ የሚላቸው ሲርባቸው ብቻ ነው። ጥሩ ሮሌክስ፣ ያ የካምፓላ ቂጣ በእንቁላል፣ የት እንደሚጠቀለል ጠይቋቸው፤ እጃችሁን ይዘው ያደርሷችኋል። ከ«ሐ» እና ከ«ኀ» ጋር ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ባለ ምግብ ቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ የተካካዱ ሸሪኮች ወደ እሳቸው ይመጣሉ። ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ ያለቀ የሐበሻ ጸብ ካለ የጋሼ እጅ አለበት። ለልጆቹም በየቀኑ ትኩስ ዳቦ ይዘው ይገቡ ነበር፤ እወዳቸው ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ዓረብ አገር ስለምትሠራ ከአጎቷ ጋር ነው የምትኖረው። ወሬኛ ናት፤ ዝም በይ ካላሏት የክፍሉን ሥራ ሁሉ ብቻዋን ትመልሳለች። አንድ ቀን ገብታ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተደገፊ እንጂ፣ ልትበሪ ነው እንዴ?» አልኳት።

ፈገግ አለች፤ አልተደገፈችም። እርሳሷ ሲወድቅ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሸሚዟ ወደ ላይ ተሰበሰበና ጀርባዋን አየሁት። የገመድ ሰንበር ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጋድሟል። ቀና ስትል ዓይኔን አየችው።

«ወድቄ ነው» አለች። እኔ ምንም አልጠየቅኋትም።

መዋዕለ ሕፃናቱ ሳለሁ በየዓመቱ ስለዚህ ጉዳይ ሥልጠና ይሰጡን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ጊዜ ስለ ምሳ ነበር የማስበው፤ ሆኖም የሚሉት ነገር አጭር ስለሆነ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል። ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ከጠረጠረ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ማጣራት ሥራው አይደለም፤ ልጁን አይመረምርም፤ ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎም ቃል አይገባም። ልጆቹ ሲወጡ አስቀረኋት።

«ለማንም አትንገሪ፣ ቲቸር» አለችኝ።

«እሱን ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ የኔ ቆንጆ። ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ።»

አኮረፈችኝ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሳትሰናበተኝ ወጣች፤ አንጀቴን በላችው።

ለመንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ወዲያው ደወልኩ። የሰዓት እላፊው እየደረሰ ነበር፤ ቦዳዎቹ፣ ሰው የሚያመላልሱት ሞተር ብስክሌቶች፣ እንኳ ሰው ሳይጭኑ ወደየቤታቸው ይበሩ ነበር። ጠዋት በሩ ሲከፈት እንድመጣ ነገረችኝ። ቤቱ የጋሼ ነውና ለእሳቸውም መንገር ተገቢ መሰለኝ።

«ፖሊስ?» አሉ፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? የሰውየው የሥራ ፈቃድ አለ፣ ስሙ አለ። ገበናችንን ለሰው አገር ሰው? እኔ ልያዘው።»

«ሄደው ምን ይሉታል ጋሼ? ማን ነገራችሁ ሲል ልጅቷ ላይ አይደለም የሚዞረው?»

«ሁላችንም ተገርፈን ነው ያደግነው።»

«እኔም ተገርፌያለሁ። እስከ ዛሬ ያመኛል።»

ለስለስ ብለው «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሉ።

«ልጅ ላይ ሲሆን ይነቅዛል፣ ጋሼ። እባክዎ አይሂዱ።»

ሄዱ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ቦዳ ልይዝ በምግብ ቤቱ በር ሳልፍ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

«ጨርሰነዋል!» አሉኝ። «ሁለት ሰው ይዤ ማታውኑ ውስጥ ለውስጥ ሄደን ገባን። አጎትየው ተጸጽቷል፤ መከርነው፣ መረቅነው። እሷም ጉልበቱን ስማ ይቅርታ ጠየቀች።»

«ማን?»

«ልጅቷ ናታ።»

«ምን አጠፋች?»

ጋሼን ጥያቄው ገረማቸው። «ታናሽ አይደለች እንዴ?» አሉ።

እርቃችን እንዲህ ነው። ትልቁ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ታናሹ ለጉልበቱ ጎንበስ ይላል፣ ትልቁ ሳያስጨርሰው ብድግ ያደርገዋል፣ ያለቅሳሉ፣ ይበላል። አልንቀውም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር የታረቅሁት እንደዚያ ነው፤ ባንታረቅ ኖሮ ዛሬ ወንድም አይኖረኝም ነበር። ያን ጠዋት ግን የታየኝ የልጅቷ ጀርባ ነው። ለእርሳሷ ጎንበስ ስትል እኔ ያየሁትን፣ ለአጎቷ ጉልበት ጎንበስ ስትል ሦስት ሽማግሌ ከፊቷ ተቀምጦ አላየም።

የሚገርመው አልጮህኩም። «እርስዎ ሥራዎን ጨርሰዋል፤ የኔ ገና ነው» ብያቸው ቦዳ ላይ ወጣሁ።

ሠራተኛዋ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ጠየቀችኝ፤ የመሰለኝን ልነግራት ስል በትህትና አስቆመችኝ። ከቀትር በፊት ከፖሊስ ጋር ሆና ልጅቷን ከዚያ ቤት አወጣቻት። ሐኪም አያት፤ ከዚያም ንሳምብያ ሰፈር ከምትኖር የእናቷ የአክስት ልጅ ዘንድ እንድትቀመጥ ተደረገ። የአጎቷን ጉዳይ ፍርድ ቤት ያዘው።

እኔም የሚገባኝን አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያዩኝ ጫማቸውን የሚመረምሩ ሰዎች በዙ። «ወገኗን ለፖሊስ የሰጠች» ተባልኩ፤ «ቁጣዋ ነው፣ ልጅ የላት፣ ምን ታውቃለች» ተባለ። ይሄኛው አጥንቴ ድረስ ገብቷል፣ አልዋሽም፤ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀሩ። ጋሼ ክፍሉን አልቀሙንም፤ ዳቦውን ግን በአስተናጋጅ መላክ ጀመሩ።

ልጅቷ ከሳምንታት በኋላ ከንሳምብያ እየተመላለሰች ትምህርቷን ቀጠለች። ለጥቂት ቀን አኩርፋኝ ነበር፤ ከዚያ ወሬዋ ይመለስ ጀመር። አሁንም ግን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ጀርባዋ ድኖ ሳለ። ተደገፊ ማለቱን ተውኩት።

አንድ ቀን ጋሼ ዳቦውን ራሳቸው ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ጠቁረዋል። የልጅቷ እናት ከዓረብ አገር ደውላላቸው ነበር። ያን ማታ ሽማግሌዎቹ መርቀው እንደወጡ፣ አጎትየው በሩን ቆልፎ «ሰው አመጣሽብኝ» እያለ ደግሞ እንደመታት ከልጇ ሰምታ ነገረቻቸው። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጆቹ እየጻፉ ሳለ።

ልጅቷ እሳቸውን ስታይ ማንም ሳይነግራት ብድግ አለች። መጥታ ወደ ጉልበታቸው ጎንበስ ልትል ስትል ጋሼ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ጣሉና በሁለት እጃቸው ያዟት። ቀና አደረጓት። ከዚያ ሁልጊዜ የሚያማቸውን ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በሩን ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ከፊቷ ተንበረከኩ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያላስተማርኳትን የጠየቅኋት ያህል ግራ ገብቷታል።

«አሁን መመለስ የለብሽም» አልኳት። «መልሱ የራስሽ ነው።»

ጋሼን አየቻቸው፤ ራሰ በራቸውን፣ ኮታቸውን፣ መሬት የነካ ጉልበታቸውን።

«ላስብበት» አለች።

«አስቢበት» አሉ ጋሼ።

ወደ ቦታዋ ተመለሰችና እርሳሷን አነሳች፤ ወንበሯንም ተደግፋ ተቀመጠች።