ያላነበብሁት የሰብለ ጥናት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ይቅር አይሉኝም ብዬ ፈርቼ አይደለም፤ በቶሎ ይቅር ይሉኛል ብዬ ነው። «ሜንተር ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ይጠይቁኝና ትንሽ ስግደት አዝዘው ይሸኙኛል። እኔም ቀልሎኝ እወጣለሁ። ሊቀልለኝ አይገባም።

እኔ ባሕር ዳር የምኖር የጤና ተመራማሪ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጀማሪ ተመራማሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ሜንተር፣ ማለትም አንድ ጀማሪ የሚመራ አማካሪ፣ ሆኜ ተመደብሁ። ጣና ዳር ባለ አዳራሽ ተሰብስበን ስለ መደማመጥ፣ ስለ መተማመን፣ ወጣቱን እጁን ይዞ ስለ ማሻገር አወራን። እኔም ተነሥቼ ተናገርሁ፤ ተጨበጨበልኝ። አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ ይባላል። እኔ ለጩቤም አልበቃሁም፤ ከቅቤው በታች የነበረኝ ስንፍና ብቻ ነው።

የደረሰችኝ ልጅ ሰብለ ትባላለች፤ የደልጊ ልጅ፣ ማስተርሷን ገና የጨረሰች። በሐይቁ ዳርቻ ልጆችን ከውሃው እየያዘ ስለሚያሠቃየው ቢልሃርዝያ ልታጠና አስባ ዕቅዷን ጽፋ ሰጠችኝ። አላነበብሁትም። ስትመጣ «በጣም ጥሩ ነው» አልኋት። አስተካክላ አመጣችው፤ አሁንም አላነበብሁትም፤ አሁንም «በጣም ጥሩ ነው» አልኋት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር? ምን ሥራ! ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ዓሣ የምበላ ሰው ነበርሁ።

አንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ «ዶክተር፣ ያ ምልክት ያደረግሁበት ጥያቄስ? ልጨምረው ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

ጥያቄው ምን እንደ ሆነ አላውቅም። «እንዳለ ይሁን» አልኋት። አመስግናኝ ሄደች።

ዕቅዷን በገምጋሚዎች ፊት ያቀረበች ዕለት እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጫለሁ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ፕሮፌሰር፣ «የምትመረምሪው ተማሪዎችን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት የማይሄዱት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዓሣ ሲያጠምዱ የሚውሉትስ?» አሏት።

ለካ ጥያቄዋ ይኸው ኖሯል።

«አስቤበት ነበር» አለች ሰብለ ቀስ ብላ። «ሜንተሬን ጠይቄያቸው እንዳለ ይሁን ብለውኛል።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲያ ብለዋታል ዶክተር?»

«እኔ ይህን ጽሑፍ አይቼው አላውቅም» አልሁ።

ልብ በሉ፤ ቃሉ እውነት ነው። አላየሁትም። ስንት ወር ሙሉ አነበብሁት እያልሁ ስዋሽ ኖሬ፣ እውነት ለመናገር ያችን ሰዓት መረጥሁ፤ እሷን ውሸታም ለማሰኘት። ሰብለ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ገምጋሚዎቹ፣ ስሕተት ይታረማል፣ በመምህር ስም መዋሸት ግን አይታረምም ብለው ከሥልጠናው አስወጧት። እኔስ? እንዳዘነ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። በዓመቱ ሌሎች ሜንተሮችን እንዳሠለጥን ተመረጥሁ፤ እሺ ብዬም አሠለጠንሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ ጎንደር ስሄድ መንገድ ላይ ሆዴን አመመኝና ሐሙሲት ወርጄ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ነጭ ጋወን ለብሳ ላብራቶሪው ውስጥ የምትሠራው ሰብለ ነበረች። ስታየኝ ትደነግጣለች ብዬ ነበር፤ የደነገጥሁ እኔ ነኝ።

«ደኅና ነዎት ዶክተር?» አለችኝ። ከዚያም አጠገቧ ወደ ነበረችው ነርስ ዞር ብላ፣ «ወንበር ስጫቸው፤ መምህሬ ነበሩ» አለቻት።

«መምህርሽ አልነበርሁም፤ ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? የሚሰማኝ አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። ማዕረጌን የሚገፍ፣ ደመወዜን የሚቆርጥ ማንም አልነበረም። ሰብለን ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ስለዚህ ከእናንተም አልለምንም። ነርሷ ወንበሩን አቀረበችልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥሁ።