እብድ ብሆንላቸው

የያዙኝ ሺሺንዳ ገበያ መሀል ነው። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ ደናችን አይነካ ብዬ መናገሬ ነበር። የተጣልኩበት ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና ሽንት ይሸታል። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ የቢታ ገነት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ዘርግተው ቦታ ሰጡኝ። እሳቸውንም ያሰራቸው ያው ደን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት መርማሪው ሽማግሌውን ደብድቦ ከምርመራ ጎትቶ አምጥቶ ጣላቸው። ጀንበር ሳትጠልቅ ጭኔ ላይ ሞቱ። በበሽታ ሞቱ ተባለ። ከኔ በቀር ያየ የለም።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲመጣልኝ አስቀድሜ ቆንጥሬ መሬት ላይ አስቀምጥላቸውና በቋንቋችን በካፊኖኖ አዋራቸው ነበር። እኛ ዘንድ ለመሬትና ለሞቱት ሳያቀምሱ መብላት ነውር ነው። መርማሪው የአገሩ ልጅ ነው፤ እናቱ ስታደርገው እያየ ነው ያደገው። ለፍርድ ቤት ግን ከመሬት ጋር ያወራል፣ አብዷል ብሎ አመለከተ። እብድ በወንጀል አይጠየቅም፤ እብድ የመሰከረውንም ማንም አያምንም።

የአእምሮ ሐኪም ከሌላ ከተማ አስመጡ። ከመግባቷ በፊት መርማሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው እንደወትሮው ይሁኑ። ነገ ከልጆችዎ ጋር ነዎት።»

ልጆቼ ፊቴ ድቅን አሉ።

ሐኪሟ ቀኑን፣ ስሜን፣ ያለሁበትን ከተማ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ምሳዬ ቆጮና ጎመን ነበር። መርማሪው በር ላይ ቆሞ እያየኝ ቆንጥሬ መሬት ላይ አኖርኩና ሽማግሌውን አዋራኋቸው።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለችኝ።

«እዚህ ከሞቱት አባት ጋር። እንደማይመልሱልኝ አውቃለሁ፣ ዶክተር። የገደላቸው በር ላይ ቆሟል። እሱንም ይጻፉልኝ።»

የመርማሪው ፊት አመድ መሰለ። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ አቀርቅራ ጻፈች። ጤነኛ ነው አለች። ጤነኛ በመሆኔም ተፈረደብኝ፤ ልጆቼ ያለ እኔ አደጉ።

ዘመን ተገለበጠና ዘንድሮ መርማሪው ቦንጋ ላይ በሽማግሌው ሞት ተከሰሰ። ጠበቃው ተነስቶ ደንበኛዬ በወቅቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር አለ። ሳቄ አመለጠኝና ዳኛው ተቆጡኝ። ለምስክርነት ስጠራ እሱን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ተናገርኩ።

«ጤነኛ ነበር፣ ክቡር ዳኛ። የኛን ወግ አሳምሮ ያውቃል፤ አውቆ ነው እብደት ያስባለው። ሽማግሌውንም አውቆ ነው የገደላቸው።»

አንገቱን ደፋ። ይቅር በለው የሚሉኝ አሉ፤ አልልም። ጥላቻዬን ደብቄ አላውቅም፤ ደስ ብሎኛል።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ምሳ ቀረበልኝ። ቆንጥሬ መሬት ላይ አኖርኩና ለሽማግሌው ነገርኳቸው፦ ጤነኛ ነው ብያለሁ።